ምዕራፍ ስድስት፦ የማይነካው ወጪ

ቦርየ ኤክሆልም በጃንዋሪ 2017 የኤሪክሰንን ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ሲረከቡ የኩባንያው ገቢ እየቀነሰ፣ ደንበኞቹ ወደ ተፎካካሪዎች እያማተሩ፣ የባለአክሲዮኖቹም ትዕግሥት እያለቀ ነበር። የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ የተጣራ ኪሳራው 35 ቢሊዮን የስዊድን ክሮና ገደማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ኩባንያ የተረከበ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ያልተሳካውን ክፍል ይሸጣል፣ ወጪ ይቆርጣል። ኤክሆልምም ይህን ሁሉ አድርገዋል። የምርምርና ልማቱን በጀት ግን አልነኩም፤ እንዲያውም ጨመሩበት። በ2016 ከ32 ቢሊዮን ክሮና በታች የነበረው የምርምር ወጪ በዚያ የኪሳራ ዓመት ወደ 38 ቢሊዮን ተጠጋ።

ኤሪክሰን ከ140 ዓመት በላይ በዘለቀ ዕድሜው ከአንድ ጊዜ በላይ አፋፍ ላይ ደርሶ ተመልሷል። በየጊዜው የገጠመው ተመሳሳይ ጥያቄ ነው፦ ገንዘብ ሲያጥር የቱ ይቆረጥ? የቱስ ምንም ቢመጣ አይነካ? የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። በቴሌኮም መሣሪያ ሥራ ዕድገት የሚገኘው ለቀጣዩ ትውልድ ኔትወርክ የሚደረገውን ምርምር በክፉ ቀንም ጠብቆ በማቆየት ነው። ምርምሩ ፍሬ እንዲሰጥ ደግሞ ኩባንያው የት እንደሚያተኩር ማወቅና በንጹሕ እጅ መነገድ አለበት። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገዢው ጥቂት፣ ዝግጅቱ ረጅም

ለአብዛኞቻችን ቴሌኮም ማለት ሲም ካርድ የሸጠልን ድርጅት ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሳፋሪኮም። እነዚህ ድርጅቶች ግን ማማው ላይ የተሰቀለውን ሬዲዮና አንቴና ራሳቸው አይሠሩትም። ጥሪውንና ዳታውን ወደየመድረሻው የሚመራውን ዋና ኔትወርክም ከሌላ ይገዛሉ። ሻጮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቻይናዎቹ ሁዋዌና ዜድቲኢ፣ የስዊድኑ ኤሪክሰን፣ የፊንላንዱ ኖኪያና የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ዋናዎቹ ናቸው።

ይህን ንግድ ከሌላው የሚለዩት ሦስት ጠባዮች አሉ። የመጀመሪያው የገዢው ማነስ ነው። ሳሙና የሚያመርት ፋብሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደንበኞች አሉት፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይመጣል። የኔትወርክ መሣሪያ ሻጭ ግን በአንድ አገር ያሉት ደንበኞች ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። አንዱን ጨረታ ቢሸነፍ በዚያ አገር ለዓመታት በሩ ይዘጋበታል፤ አንድ ጊዜ የተተከለ መሣሪያ በቶሎ አይነቀልምና።

ሁለተኛው የትውልድ ጉዳይ ነው። የሞባይል ኔትወርክ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይለወጣል። ሁለተኛው ትውልድ በ1991፣ ሦስተኛው በ2001፣ አራተኛው በ2009፣ አምስተኛው በ2019 ለሕዝብ አገልግሎት በቁ። እያንዳንዱ ትውልድ ማማ ላይ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በወረቀት ላይ ይወለዳል። በ1998 የተቋቋመው ስሪጂፒፒ የተባለ ጥምረት የየኩባንያዎቹን መሐንዲሶች እየሰበሰበ ሬዲዮው በምን ቋንቋ እንደሚያወራ፣ ምልክቱ እንዴት እንደሚታሸግ፣ ስህተት እንዴት እንደሚታረም ነጥብ በነጥብ ያከራክራል። ሐሳቡ ከዚህ ክርክር በሚወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ የተካተተለት ኩባንያ ሁለት ጥቅም ያገኛል። መሣሪያውን ከሌላው ቀድሞ ያዘጋጃል፤ ሐሳቡን በፓተንት ካስጠበቀ ደግሞ ስልክ ከሚሠሩ ኩባንያዎች ሳይቀር የፈቃድ ክፍያ ይሰበስባል። ኤሪክሰን ከ60,000 በላይ ፓተንቶች አሉት። በ2023 ከፈቃድ ብቻ ከ10 ቢሊዮን ክሮና በላይ አስገብቷል። ይህ ገንዘብ ከዓመታት በፊት የተከፈለ የምርምር ወጪ ውጤት ነው።

ሦስተኛው፣ ወጪው የሚቀድም መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩን ለመጻፍና ቺፑን ለመንደፍ የሚያስፈልገው ገንዘብ የመጀመሪያው ሬዲዮ ከመሸጡ በፊት ይወጣል። አሥር ሬዲዮ ቢሸጥም አሥር ሚሊዮን ቢሸጥም የንድፉ ወጪ ያው ነው። ስለዚህ ብዙ አገር የማይደርስ አምራች ወጪውን መሸፈን አይችልም። ሰፊ ገበያ ለዚህ ኢንዱስትሪ የህልውና ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥገና ቤት ወደ ዓለም

ላርስ ማግኑስ ኤሪክሰን በ1876 ከካርል ዮሃን አንደርሰን ጋር በስቶክሆልም የቴሌግራፍ መሣሪያ መጠገኛ ሲከፍት ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የመጡ ስልኮች ለጥገና ይቀርቡለት ጀመር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ፈጠራውን በስዊድን አላስመዘገበም ነበር። ወጣቱ የእጅ ባለሙያም የሚጠግነውን መሣሪያ ድክመት ከውስጥ እያየ በ1878 የራሱን ስልክ መሥራት ጀመረ። ባለቤቱ ሂልዳ የመዳብ ሽቦ በመጠምጠም ሥራውን ታግዝ ነበር።

ስዊድን ትንሽ አገር ናት። በዘመኑ በስቶክሆልም የስልክ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው የቤል ኩባንያ ዋጋው ለብዙ ሰው የማይቀመስ ሆኖ ሳለ ሄንሪክ ሴደርግሬን የተባለ መሐንዲስ በ1883 ተቀናቃኝ ኩባንያ አቋቋመ። መሣሪያውን የሚያቀርብለት ኤሪክሰን ነበር። ዋጋው ሲወርድ ተጠቃሚው በዛ፤ በ1880ዎቹ አጋማሽ ስቶክሆልም በዓለም ላይ ብዙ ስልክ ካላቸው ከተሞች ተርታ ተሰለፈች። ከዚህ ሁለት ልማድ ተወለደ። አንዱ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ተቀራርቦ መሥራት ነው። ሌላው ወደ ውጭ ማየት ነው፤ የአገር ውስጥ ገበያው ጠባብ ስለነበር ኤሪክሰን ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሩሲያና ወደ ሌሎች አገሮች ዘልቋል። ከትልቅ አገር የተነሳ አምራች በቤቱ ገበያ ጠግቦ ሊቆም ይችል ነበር፤ ኤሪክሰን ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

ክፍል በክፍል የተሠራው ማዞሪያ

የኩባንያውን የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዕጣ የወሰነው አክስ የተባለው የስልክ ማዞሪያ ነው። ከእሱ በፊት ኤሪክሰን በ1968 ቱምባ በተባለ ቦታ በኮምፒውተር የሚመራ ማዞሪያ ተክሎ ነበር። ችግሩ ሶፍትዌሩ ላይ መጣ። ፕሮግራሙ እየበዛ ሲሄድ እርስ በርሱ ተወሳሰበ፤ አንዱን ቦታ ሲያርሙ ሌላው ቦታ ይበላሻል። መሐንዲሶቹ ከዚህ ተነስተው ትልቅ ትምህርት ወሰዱ።

በ1970 ኤሪክሰንና የስዊድን መንግሥት የቴሌኮም መሥሪያ ቤት ኤለምቴል የሚባል የጋራ የምርምር ኩባንያ አቋቋሙ። አዲሱ ማዞሪያ ከመሠረቱ በተለየ መንገድ ተነደፈ። እያንዳንዱ ተግባር፣ ለምሳሌ የደንበኛውን መስመር መቆጣጠር ወይም ሒሳብ መያዝ፣ የራሱ ፕሮግራምና የራሱ መረጃ ያለው የተከለለ ክፍል ሆነ። ክፍሎቹ አስቀድሞ በተወሰነ መልእክት ብቻ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ አያማስልም። ስለዚህ አንዱን ክፍል አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ ወይም ቀድሞ ያልታሰበ ክፍል መጨመር፣ ሌላውን ሳይረብሹ ይቻላል። የመጀመሪያው አክስ በ1977 በሶደርታልየ ከተማ ተመረቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ የስልክ ኔትወርኳን ለማስፋፋት ኤሪክሰንን ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር መረጠች፤ ውሉ በዘመኑ ከተፈረሙት የቴሌኮም ውሎች ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። አክስ ኋላ ከ100 በላይ አገሮች ገባ።

የንድፉ ዋጋ በሙላት የታየው ግን ነዳፊዎቹ ዋና ዓላማቸው ባላደረጉት ሥራ ላይ ነው። የኖርዲክ አገሮች በጋራ ያወጡት የሞባይል ስልክ ሥርዓት በ1981 ሥራ ሲጀምር፣ መጀመሪያ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ለጥቆም በስዊድን፣ ማዞሪያው አክስ ነበር። ተጠቃሚው ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ የሚከታተል ክፍል ታከለበትና ለቋሚ ስልክ የተሠራው መሣሪያ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ዋለ። ኤሪክሰን በ1990ዎቹ የሞባይል ኔትወርክ መሪ የሆነው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። ስለ ፈጠራ ስንናገር አዲሱን ምርት ብቻ እንቆጥራለን። ገና ያልታወቀ ነገር ሲመጣ የሚያስተናግድ መድረክ አስቀድሞ መሥራት ከዚያ የላቀ ፈጠራ ነው።

ትክክለኛ ሐሳብ ሲባክን

ምርምርን መውደድ ብቻውን አይበቃም። ኤሪክሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተርና ስልክ አንድ ይሆናሉ ብሎ አመነ። እምነቱ ትክክል ነበር። ዳታሳብና ፋሲት የተባሉ ኩባንያዎችን ገዝቶ የቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ደንበኛውንም የሽያጭ መንገዱንም ግን አያውቀውም ነበር። በ1988 የኮምፒውተር ክፍሉን ለኖኪያ ሸጠ።

የኧርላንግ ታሪክ ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ ይቆማል። ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ በኩባንያው የኮምፒውተር ሳይንስ ላቦራቶሪ የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። የስልክ ማዞሪያ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ጥሪ ይይዛል፤ አንዱ ጥሪ ቢበላሽ ሌሎቹ መቋረጥ የለባቸውም። ኧርላንግ የተፈጠረው ለዚህ ነው። በ1998 ግን አንዱ የኩባንያው ክፍል ለአዳዲስ ምርቶች እንዳይውል ከለከለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቋንቋው በነፃ ለዓለም ተለቀቀ፤ ከፈጣሪዎቹም አንዳንዶቹ ኩባንያውን ለቀው ወጡ። ከዓመታት በኋላ ዋትስአፕ አገልግሎቱን በኧርላንግ ገነባ፤ ፌስቡክም በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ዛሬ ከዱባይ ወደ ደሴ በዋትስአፕ የሚደውል ሰው ከስዊድን ላቦራቶሪ የወጣ ሥራ ይጠቀማል። አንድ ድርጅት የያዘውን ካላወቀ በምርምር ያገኘውን ሌላው ይነግድበታል።

የእጅ ስልኩም ታሪክ የሚያስተምር ነው። ማርች 17 ቀን 2000 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ፣ በፊሊፕስ የቺፕ ፋብሪካ መብረቅ እሳት አስነሳ። እሳቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠፋ፤ ጭሱ ግን አቧራ እንኳ የማይገባባቸውን የማምረቻ ክፍሎች በከለ። ከዚያ ፋብሪካ ኖኪያም ኤሪክሰንም ቺፕ ይወስዱ ነበር። ኖኪያ ፈጥኖ ሌሎች አምራቾችን አሰባሰበ። ኤሪክሰን ወጪ ለመቆጠብ ሲል አማራጭ አቅራቢ አልያዘም ነበርና ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ጉዳት ደረሰበት። በቀጣዩ ዓመት የስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር አዋሐደ፤ በ2012 ድርሻውን ጨርሶ ሸጠ። መቆረጥ የሌለበት ወጪ ሲቆረጥ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ይመስላል።

የ2001 ክፉ ዘመን

በ2000 የዓለም የቴሌኮም ኩባንያዎች በብድር እየገዙ፣ አምራቾችም በብድር እየሸጡ ገበያው ያለ ልክ አብጦ ነበር። በአውሮፓ ለሦስተኛው ትውልድ የሚሆን የሬዲዮ ሞገድ በብዙ ቢሊዮን ዩሮ የገዙ ኦፕሬተሮች መሣሪያ የሚገዙበት ገንዘብ አጡ። ትዕዛዝ ቆመ። ኤሪክሰን በ2001 ከ21 ቢሊዮን ክሮና በላይ ከሰረ። በ2002 ከባለአክሲዮኖች 30 ቢሊዮን ክሮና ተጨማሪ ካፒታል ሰበሰበ። ከ100,000 በላይ የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በ2003 መጨረሻ ወደ 50,000 ገደማ ወረደ። በእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሥራውን ያጣ ሰው፣ ገቢው የተናጋ ቤተሰብ፣ የተጎዳ የስዊድን ከተማ አለ፤ ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም።

በዚያ ቅነሳ ምርምሩም ተነክቷል፤ ሆኖም ዋናው መስመር፣ የሦስተኛው ትውልድ ሬዲዮና የተከታዩ ዝግጅት፣ አልተቋረጠም። ድርቅ የመታው ገበሬ በሬውን ይሸጣል፣ ምግቡን ይቀንሳል፤ የዘሩን እህል ግን አይበላም። ኤሪክሰን የያዘው መንገድ ይህ ነበር። የማምረቻ ሥራ ለሌሎች ተላለፈ፣ የምርት ዓይነት ተቀነሰ፣ የሬዲዮ ምርምሩ ቀጠለ። ዲሴምበር 14 ቀን 2009 የዓለም የመጀመሪያው የአራተኛ ትውልድ የንግድ አገልግሎት በስቶክሆልምና በኦስሎ ሲጀመር የስቶክሆልሙን ኔትወርክ የሠራው ኤሪክሰን ነበር። የኦስሎውን የሠራው ሁዋዌ ነው፤ ለስዊድኖቹ ይህ የማይረሳ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ያን ዘመን ያልተሻገሩም አሉ። በ2000 የቶሮንቶ አክሲዮን ገበያን ጠቅላላ ዋጋ ሲሦ ይይዝ የነበረው የካናዳው ኖርቴል በጃንዋሪ 2009 ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ገባ። የሬዲዮ ክፍሉን አንድ ትልቅ ድርሻ ኤሪክሰን በ1.13 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2011 የቀሩት ፓተንቶቹ ለጨረታ ሲቀርቡ 4.5 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። ኖርቴል ምርምር አጥቶ አልወደቀም፤ ከፓተንቶቹ ዋጋ ይህን ማየት ይቻላል። የጎደለው ያን ምርምር የሚያሻግር ጤናማ ሒሳብና ታማኝ አመራር ነው።

መጥበብና መጥለቅ

ከ2010 በኋላ በዋና ሥራ አስፈጻሚው በሃንስ ቬስትበርግ ዘመን ኤሪክሰን ገበያውን በማስፋት ዕድገት ፈለገ። ቴሌቪዥንና ሚዲያ፣ ክላውድ፣ የሌሎችን ኔትወርክ ማስተዳደር ተጨመሩ። በዚህ መካከል በዋናው ሥራው፣ በሬዲዮው፣ ሁዋዌ ቀደመው። ቬስትበርግ በ2016 ከሥልጣን ተነሱ።

ኤክሆልም በማርች 2017 ይፋ ያደረጉት ስትራቴጂ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ሬዲዮና ዋና ኔትወርክ ላይ ማተኮር፣ የማያተርፉ የአገልግሎት ውሎችን መተው ወይም እንደገና መደራደር፣ የሚዲያውን ክፍል ማስወጣት፣ የተረፈውን ገንዘብ ለአምስተኛው ትውልድ ምርምር ማዋል። ውጤቱ ወዲያው አልታየም፤ በ2018ም ኪሳራ ነበር። በ2021 ግን የተጣራ ትርፉ 23 ቢሊዮን ክሮና ደረሰ። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ በአምስት ዓመት እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ሰጠው። በዚያው ዓመት የምርምር ወጪው 50.7 ቢሊዮን ክሮና ነበር፤ ከ263 ቢሊዮን ገቢው አንድ አምስተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው።

ይህን ከሁዋዌ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሁዋዌ በ2023 ለምርምር 164.7 ቢሊዮን ዩዋን አውጥቷል፤ ከገቢው 23.4 በመቶ ነው። በገንዘብ መጠን ኤሪክሰን አይደርስበትም። ሁዋዌ ግን ስልክም፣ ቺፕም፣ ክላውድም ይሠራል። በአቅም የሚበልጥህን በሁሉም ሜዳ ልትገጥመው አትችልም፤ አንድ ሜዳ መርጠህ እዚያ ጠልቀህ መገኘት ግን ይቻላል። የኤክሆልም ስሌት ይህ ነበር። ፖለቲካም ረድቶታል። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ስዊድን ሁዋዌን ከአምስተኛው ትውልድ ኔትወርካቸው ሲያገልሉ ገበያ ተከፈተለት። ይኸው ፖለቲካ በቻይና የነበረውን ድርሻ በእጅጉ ቀንሶበታል፤ ኤክሆልምም የስዊድንን እገዳ በይፋ ተቃውመዋል። በሌላው መታገድ ላይ የተመሠረተ ዕድገት አስተማማኝ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሁለት ጉዳዮች ኩባንያውን ይፈትኑታል። አንደኛው የእጅ ንጽሕና ነው። በዲሴምበር 2019 ኤሪክሰን በጅቡቲ፣ በቻይና፣ በቬትናም፣ በኢንዶኔዥያና በኩዌት ለተፈጸሙ ጥፋቶች ለአሜሪካ መንግሥት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በጎረቤታችን በጅቡቲ ውል ለማግኘት ለከፍተኛ ባለሥልጣናት ወደ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ መከፈሉ በስምምነቱ ሰነድ ሰፍሯል። በ2023 ስምምነቱን በማፍረሱ ጥፋተኝነቱን አምኖ ተጨማሪ 206 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በጉቦ የተገኘ ውል በምርት ጥራት የተገኘ ውል አይደለም፤ መሐንዲሶቹ በዓመታት ድካም ያስገኙትን ስም ሻጮቹ አረከሱት። ድሃ አገር ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል፤ ጉቦው በመጨረሻ ከሕዝብ ኪስ ነውና።

ሁለተኛው ቀጣዩ ዕድገት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ኦፕሬተሮች ገቢያቸው ስለማያድግ ለመሣሪያ የሚያወጡት ገንዘብም አያድግም። ኤሪክሰን በ2022 ቮኔጅ የተባለውን ኩባንያ በ6.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ለዚህ ነው። ሐሳቡ የኔትወርኩን ችሎታዎች፣ ለምሳሌ የደንበኛን ማንነት ማረጋገጥን ወይም ለአንድ አገልግሎት የተለየ ፍጥነት መስጠትን፣ ለሶፍትዌር ሠሪዎች መሸጥ ነው። ገና በቀጣዩ ዓመት ግን ከግዢው ዋጋ 32 ቢሊዮን ክሮና ከመዝገብ ሰረዘ። በ2024 ከአሥራ ሁለት ታላላቅ ኦፕሬተሮች ጋር ለዚሁ ሥራ የጋራ ኩባንያ እንደሚመሠርት አስታወቀ። ከ1980ዎቹ የኮምፒውተር ሙከራ ጋር ሲታይ አንድ ልዩነት አለው፤ የአሁኑ ሙከራ የሚያርፈው ኩባንያው አብጠርጥሮ በሚያውቀው ኔትወርክና በቆዩ ደንበኞቹ ላይ ነው። ስለዚህ ውድ ዋጋ ቢከፈልበትም አቅጣጫው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገዢው ምን ይግዛ?

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ በገዢነት አለች። በ2006 የቴሌኮም ኮርፖሬሽኑ ከዜድቲኢ ጋር በቻይና ብድር የተደገፈ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ። በ2013 የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ እኩል ተከፈለ፤ በ2014 ደግሞ ከዜድቲኢ ድርሻ የደቡቡ ክፍል ለኤሪክሰን ተሰጠ። በእነዚህ ውሎች ላይ የነበረው ክርክር በዋናነት በብድሩና በዋጋው ላይ ነበር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን አይበቁም።

ለአሥር ዓመት የሚቆይ ኔትወርክ የሚገዛ አገር የሻጩን የወደፊት ምርምር አብሮ ይገዛል። የሶፍትዌር ማሻሻያው፣ የደኅንነት ጥገናው፣ ኃይል የሚቆጥበው አዲስ ሬዲዮ፣ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚያሻግረው መንገድ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ሻጩ በክፉ ቀን ምርምሩን ቆርጦ ቢወድቅ መሣሪያው ማማው ላይ ይቀራል፤ የሚጠግነውና የሚያሻሽለው ግን አይኖርም። ስለዚህ ጨረታ የሚገመግም ባለሙያ ከዋጋው ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ኩባንያ ባለፈው የኪሳራ ዓመቱ ከምርምሩ ምን ያህል ቆረጠ? በዓለም አቀፉ ደረጃ ውስጥ የእሱ ሐሳብ ምን ያህል ተካቷል? ውሎቹን ያገኘው በምን መንገድ ነው? ስድስተኛው ትውልድ በ2030 አካባቢ ይጠበቃል፤ የሚሠራበት ደረጃ እየተቀረጸ ያለውም አሁን ነው። በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያ ማን ጥሩ መሣሪያ እንደሚያቀርብ የሚወስነው እያንዳንዱ አምራች ዘንድሮ ለምርምር የሚመድበው ገንዘብ ነው። ገዢውም ይህን ዘንድሮ መከታተል ይችላል፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ታትሞ ይወጣል።